የአንጓች ፈትል

በአንዲት የጎጃም ገበያ ከተማ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሸማኔው ባምላኩ እግሩን ከሸማ ጉድጓዱ ሰዶ ተቀምጧል፤ ዓይናቸው የደከመው ጎረቤቱ እትየ አንጓች ደግሞ ትይዩው መደብ ላይ ሆነው ለመገነዣቸው ያሠሩትን ኩታ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከጓሮ ለእሑዱ ሠርግ ዳስ የሚተክሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

አንጓች፦ ይሄ የኔ ፈትል አይደለም።

ባምላኩ፦ እንዴ እትየ አንጓች! ገና በደንብ ሳይዘረጉት?

አንጓች፦ ዘርግቼዋለሁ። አሻሽቼዋለሁ። አሽትቼዋለሁም። የኔ አይደለም አልኩህ።

ባምላኩ፦ አዲስ ኩታ ስለሆነ እኮ ነው። ገና ውሃ አልነካውም። አንድ ጊዜ ሲታጠብ እጅዎ ይለምደዋል።

አንጓች፦ ማን ሊያጥበው? ገበያ ልወጣበት መሰለህ? መገነዣዬ ነው፤ አንዴ ከለበስኩት አላወልቀውም።

ባምላኩ፦ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እዚህ ቤት ሞት አይጥሩብኝ። በልጄ ሠርግ ሳምንት!

አንጓች፦ ሞት እኔ ጠራሁት አልጠራሁት ቤቴን ያውቀዋል። አንተ ፈትሌን የት እንዳደረስከው ንገረኝ።

ባምላኩ፦ እጅዎ ላይ ነው ያለው። ደክሞዎት ነው እንጂ። ዓይን ሲደክም እጅም አብሮ ይደክማል።

አንጓች፦ የደከመው ዓይኔ ነው። እጄን ተወው።

ባምላኩ፦ ሰው ያየው ኩታ ነው እኮ። ይሄ ሁሉ ዳስ ተካይ ሲገባ ሲወጣ አይቶት፣ «የእትየ አንጓች እጅ ነዋ!» ሲል ነው የዋለው።

አንጓች፦ በዓይኑ ነው ያየው። እስቲ ጠጋ በል። ከዚህ ከጫፉ አንዲት ክር ልምዘዝ። አየሃት? አሁን በጣቴ ወደ ቀኝ ላሹራት። ምን ሆነች?

ባምላኩ፦ … ጠበቀች።

አንጓች፦ ጠበቀች። የኔ ብትሆን ትላላ ነበር። ለምን?

ባምላኩ፦ እኔ ምን አውቄ።

አንጓች፦ ታውቃለህ። ግራኝ ነኝ። እንዝርቴን የማሾረው በግራ እጄ ነው፤ ክሬ የሚከረው ሌላ ሰው በሚያከረው በተቃራኒው ነው። እናቴ «ሴት ልጅ በግራ አትፈትልም» እያለች በልጅነቴ ጣቴን በእንዝርቱ ስትመታኝ ነው ያደግኩ። አልተውኩም። ይሄን የፈተለው ቀኝ እጅ ነው። ወይ ደግሞ እጅ የሌለው ነው።

ባምላኩ፦ እጅ የሌለው ደግሞ ማነው?

አንጓች፦ ፋብሪካ።

ባምላኩ፦ እሺ። እሺ በቃ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ግን አይቆጡኝም?

አንጓች፦ እቆጣሃለሁ። ንገረኝ።

ባምላኩ፦ አይጥ ነው።

አንጓች፦ ምኑ?

ባምላኩ፦ ፈትልዎን የጨረሰው። ያንን ሁሉ ልቃቂት እንዳመጡልኝ እዚያ ጥግ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ልሠራው ብዬ ብፈታው ተበጣጥሶ፣ ተበጣጥሶ… ምን ብዬ እመጣለሁ እርስዎ ዘንድ? አፈርኩ። ከራሴ ኪስ ክር ገዛሁና ሠራሁልዎት። ቢያመሰግኑኝ እንጂ!

አንጓች፦ ብጥስጣሹስ?

ባምላኩ፦ የምን ብጥስጣሽ?

አንጓች፦ አይጥ ጥጥ ይበጣጥሳል፣ ጎጆ ይሠራበታል። ሆዱ አያስገባውም። ብጥስጣሹን አምጣልኝ፤ ትራስ እሞላበታለሁ።

ባምላኩ፦ ጣልኩት።

አንጓች፦ የሰው ንብረት ባለቤቱን ሳትጠይቅ ትጥላለህ?

ባምላኩ፦ ቆሻሻ ሆኖ ነበር እኮ እትየ!

አንጓች፦ ሻሼስ? በቀይ ሻሽ ቋጥሬ ነበር የሰጠሁህ። «ሻሹን ከኩታው ጋር እመልስልዎታለሁ» ብለኸኝ ነበር። እሱንም ቆረጣጠመው?

ባምላኩ፦ ሻሹ… እዚሁ አካባቢ ነው። የሠርጉ ግርግር ይለፍና እፈልገዋለሁ።

አንጓች፦ እኔን ያሳዘነኝ አይጡ ነው። ያላደረገውን ሁሉ ተሸክሞ።

ባምላኩ፦ አላመኑኝም? ልማልልዎት?

አንጓች፦ እንዳትምል! ልጅህ እሑድ ልትዳር ነው። ለእሷ ስትል አፍህን ከመሐላ ጠብቅ። ከአይጡ ዝምታህ ይሻላል።

ባምላኩ፦ ሸጥኩት።

አንጓች፦ ለማን?

ባምላኩ፦ ለአንዲት ነጋዴ። የባሕር ዳር ሰው ናት። ለሙሽራ የሚሆን የእጅ ፈትል ኩታ ፈልጋ መጣች፤ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል። ዛሬ ድሩን በእጅ የሚፈትል የት ይገኛል? ሁሉም ድሩን የፋብሪካ ያደርጋል። የእርስዎ ነበር እዚህ የተቀመጠው። እና… ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ ደህና ነዎት። ይኸው እግርዎ ይሄዳል፣ አንደበትዎም እንደሆነ እግዜር ይመስገን። የሙሽራ ልብስ ቀን ተቆርጦለታል። የመገነዣ ልብስ ግን ቀኑን ማን ያውቃል? ጥቂት ቢቆይ ማንን ይጎዳል አልኩ።

አንጓች፦ «እስክትሞት ጊዜ አለ» አልክ።

ባምላኩ፦ እንደዚያ አልወጣኝም!

አንጓች፦ ወጥቶሃል። ቀስ ብለህ በገበያ ክር ትሠራልኝና ሳጥኔ ውስጥ ትከታለህ። ስሞት ያለብሱኛል። ሬሳ ደግሞ ክር መዝዞ አያሾር! ይህንን ነው ያሰብከው።

ባምላኩ፦ ኧረ ተዉ እትየ።

አንጓች፦ ስህተትህ አንዲት ናት። ሳልሞት እንድረከበው ጠራኸኝ።

ባምላኩ፦ ከሠርጉ በፊት ከእጄ ይውጣ ብዬ ነው። ቤቴ ውስጥ መገነዣ ተቀምጦ ልጄን ልድራት?

አንጓች፦ ይህስ ያስፈራሃል? ጥሩ ነው። የሚያስፈራህ ነገር መኖሩን ሳላውቅ እሞት ነበር።

ባምላኩ፦ እንዴት ነው ነገሩ! ኩታ አዘዙኝ፣ ኩታ ሰጠሁ። ይዩት እንጂ፤ አጭር ነው? ጠባብ ነው? ነጭ አይደለም? ምንዎ ጎደለ?

አንጓች፦ የሰጠሁህ ኩታ አይደለም። ፈትል ነው። ሰው በቅሎውን አደራ ቢሰጥህ፣ እሷን ሸጠህ በቦታዋ ሌላ በቅሎ አስረህ ትጠብቀዋለህ?

ባምላኩ፦ ያሰርኩለት ከፊተኛዋ የተሻለች ብትሆንስ?

አንጓች፦ የተሻለችዋን ራስህ ተቀመጥባት። እሱ የሚፈልገው የራሱን ነው።

ባምላኩ፦ እሺ ዋጋውን ይንገሩኝ። አልከራከርም። የጠሩትን።

አንጓች፦ እኔ ሻጭ ነኝ እንዴ? መቼ ነው «ፈትሌን ግዛኝ» ብዬ እዚህ የተቀመጥኩት? እኔ ሳልሸጥ ዋጋ ከየት መጣ?

ባምላኩ፦ እንግዲህ ምን ላድርግ? ሄዷል። የሄደን ነገር ከየት አመጣዋለሁ?

አንጓች፦ ከሄደበት።

ባምላኩ፦ የሙሽራ ገላ ላይ ነው ያለው እኮ! ምንም የማታውቅ ልጅ፣ በሰላም የተሰጣትን ለብሳ… እሷ ምን አጠፋች? ሄጄ «አውልቂ» ልበላት?

አንጓች፦ አላጠፋችም። አለማወቋ ግን ኩታውን የእሷ አያደርገውም። አንተ ያልነበረህን እንዴት ሰጠሃት?

ባምላኩ፦ እትየ፣ በአንድ ኩታ ጎረቤትነታችንን እናፍርስ?

አንጓች፦ እኔ ምን አፈረስኩ? ፈትሌን ይዤ መጣሁ፣ እጅህ ላይ አስቀመጥኩ፣ «አደራ» አልኩህ። አንተ «በእናቴ ሞት» ብለህ ተቀበልክ። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ መደብ ላይ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባገኘሁህ ቁጥር ወደ ወንዙ ትታጠፋለህ። ውሃ የሚጠማህ እኔን ስታይ ብቻ ነው?

ባምላኩ፦ እንግዲህ ክሰሱኝ! አንዲት ኩታ ታቅፈው ዳኛ ፊት ይቁሙና ይሳቅብዎት።

አንጓች፦ አልሳቁም።

ባምላኩ፦ እነማን?

አንጓች፦ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ያሉት ሰውዬ። ጠዋት ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ፈትሉ የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?» አሉኝ። «ጣት አለኝ» አልኳቸው። ከዚህ ከለበስኩት ነጠላዬ አንዲት ክር መዝዤ ፊታቸው አሾርኩላቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ነው ያዩ። «አንድም ሰው በዚህ አገር እንደዚህ አይፈትልም?» አሉኝ። «አንድም» አልኳቸው። «እንግዲያው ኩታው በተገኘበት ይታወቃል» አሉ።

ባምላኩ፦ ቆይ። ጠዋት?

አንጓች፦ ጠዋት።

ባምላኩ፦ ኩታውን ገና ከሰዓት ነው እጅዎ ላይ ያስቀመጥኩ። ሳይነኩት ፍርድ ቤት ሄዱ?

አንጓች፦ ስትሸሸኝ ጠርጥሬሃለሁ። የሰው ውሃ ጥም አላምንም።

ባምላኩ፦ ከሰሱኝ?

አንጓች፦ ጠየቅኩ ነው ያልኩህ። መክሰስ ገና ነው። ሰውዬው «ክሱን ነገ ጠዋት ማስገባት ይችላሉ» ብለውኛል።

ባምላኩ፦ ነገ! የልጄ ሠርግ ዋዜማ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ዳሴ ውስጥ ይምጣ? አማቾቼ ምን ይላሉ? «ልጅ የወሰድነው ከአደራ በላ ቤት ነው» ይሉኛል!

አንጓች፦ ቃሉን እኔ አላወጣሁትም። ራስህ ነህ ያልከው።

ባምላኩ፦ እሺ እንነጋገር። ፈትሉ የእርስዎ ነው፤ አልካድኩም። ሥራው ግን የኔ ነው። ድሩን ያደራሁ እኔ፣ ጥለቱን የጣልኩ እኔ። ጀርባዬን ይጠይቁት። ያ ኩታ ግማሹ የባምላኩ ነው።

አንጓች፦ የሰው ማሳ ገብተህ አርሰህ ዘርተህ፣ «ግማሹ የኔ ነው» ትላለህ?

ባምላኩ፦ ላቤስ?

አንጓች፦ ላብህን ማን ጠራው? ደግሞስ ጥለት አልክ። ጥለት ጣልክበት? «ጥለት እንዳታደርግበት፣ እንዲሁ ነጩን» አላልኩህም? መገነዣ ጥለት አለው? ያንን አረንጓዴ ጥለት ይዤ ጌታዬ ፊት ልቅረብ፣ «ሠርግ ቤት ልሄድ ስል ነው የጠራኸኝ» ልበለው?

ባምላኩ፦ አረንጓዴ መሆኑን በምን አወቁ?

አንጓች፦ አንተ ለሙሽራ ከአረንጓዴ ሌላ ምን ጥለህ ታውቃለህ? የከተማው ሙሽራ ሁሉ ጎመን እንደመሰለ ነው የሚዳር።

ባምላኩ፦ ይቀልዱብኛል።

አንጓች፦ ካልቀለድኩ ይሄን መወርወሪያህን አንሥቼ አናትህ ላይ ነው የማሳርፈው። ይሄንን የፋብሪካ ኩታህንም እንካ።

ባምላኩ፦ ምን ላድርገው?

አንጓች፦ ለራስህ አስቀምጠው። ቁመትህም እንደኔው ነው፤ ይሆንሃል።

ባምላኩ፦ ኧረ እትየ! እርግማን ነው?

አንጓች፦ ስጦታ ነው።

ባምላኩ፦ አልገባኝም። በእውነት አልገባኝም። እንዲህ የሚያደርግዎ ምንድነው? ሰው አንዴ ከሞተ ይህን ለበሰ ያን ለበሰ ማን ያውቃል? እዚያ ታች ማን አይቶ ይፈርዳል?

አንጓች፦ እናቴን ታስታውሳታለህ?

ባምላኩ፦ እኔ ልጅ ነበርኩ። ስትፈትል አስታውሳለሁ።

አንጓች፦ ሁሉም ስትፈትል ነው የሚያስታውሳት። ዕድሜዋን በሙሉ ለሰው ፈተለች። በእሷ ፈትል ስንቱ ተዳረ፣ ስንቱ ተቀበረ። የሞተችው በዚያ በክፉው ጊዜ ነው። ቤታችን ውስጥ ጨርቅ የሚባል አልቀረም፤ ሁሉ ተሽጦ ተበልቶ ነበር። በእህል ጆንያ ነው የቀበርናት። ጆንያው አጠረ። እግሯ ወጣ። ነጠላዬን አውልቄ እግሯን ልሸፍን ስል ሰዎቹ ያዙኝ። «አንቺም በብርድ ትሞቻለሽ፤ የሞተ አይበርደውም» አሉኝ። አመንኳቸው። እግሯ እንደወጣ አፈር መለሱበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቀበር እግሩን ነው የማየው። ሌላ ነገር አላይም።

ባምላኩ፦ ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

አንጓች፦ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ፦ አንጓች በገዛ እጇ የፈተለችውን ለብሳ ትገባለች፣ እግሯም ይሸፈናል። ልጅ አልወለድኩ፤ ማን እንደሚያለብሰኝ አላውቅም። የፈለገ ሰው ያልብሰኝ፤ የሚያለብሰኝ ግን የኔን ይሁን። ዓይኔ ሲደክም በዳበሳ ፈተልኩ። ኋላ ይሄ ግራ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየው። እንዝርቱ ከእጄ ይወድቃል። አንተ ዘንድ ያመጣሁት የመጨረሻውን ነበር፤ ከእንግዲህ የለም። ልሥራ ብልም አልችልም። አሁን «ዋጋውን ይንገሩኝ» በለኝ።

ባምላኩ፦ አልልም።

አንጓች፦ ያቺ የባሕር ዳር ነጋዴ ስሟ ማን ነበር?

ባምላኩ፦ ስሟን… እንጃ፣ ስሟን አልጠየቅኳትም።

አንጓች፦ ሙሽራዋስ?

ባምላኩ፦ እትየ፣ ይተዉኝ።

አንጓች፦ ሙሽራዋ ማን ትባላለች ነው ያልኩህ። ጊዜ አለኝ። አንተው ነህ «ደህና ነዎት» ያልከኝ።

ባምላኩ፦ ስመኝ።

አንጓች፦ አልሰማሁም።

ባምላኩ፦ ስመኝ! ልጄ ናት! ነጋዴ የለችም። አይጥም የለም። እኔ ነኝ። በሉ እንግዲህ፣ ሰሙ?

አንጓች፦ ቀስ። ዳስ ተካዮቹ ይሰማሉ።

ባምላኩ፦ ይስሙ! … አይ፣ አይስሙ። እሷም ጓዳ ናት።

አንጓች፦ ለምን አደረግከው?

ባምላኩ፦ እናቷ ብትኖር እናቷ ትፈትልላት ነበር። ያውቁ የለ ልማዱን? ሙሽራ ስትወጣ የወንዱ ወገን ሴቶች ከበው ይመጣሉ። አንድ በአንድ ኩታዋን በጣታቸው ያሻሹና «ማን ፈተለልሽ?» ይሏታል። ልጅቱ «እናቴ» ትላለች፣ እልል ይባላል። ስመኝ ምን ትላለች? «ገበያ ፈተለልኝ» ትበል? ሸማኔ አባት እያላት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስሸልም ነው የኖርኩ። የኔ ልጅ ከቁርጥራጭ የተረፈ ነው የለበሰችው። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ እነዚያ ሴቶች ጣታቸውን አሳርፈው ዝም እንዲሉ ፈለግኩ።

አንጓች፦ ከዚያ የኔን ፈትል አየህ።

ባምላኩ፦ ሻሹን ፈታሁት። እንደዚያ ያለ ፈትል ነክቼ አላውቅም። መጀመሪያ ለእርስዎ ልሠራው ነው ድሩን የዘረጋሁት፤ ይመኑኝ። እየሠራሁ፣ እየሠራሁ… ይሄ አፈር ሊገባ ነው አልኩ። ይሄ መሬት ገብቶ ሊበሰብስ፣ የኔ ልጅ በገበያ ክር ልትዳር። ቀን ቀን አልሠራውም እያልኩ እተወዋለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጫፉ ጋ ስደርስ ጥለቱን ጣልኩበት። ጥለቱ ከገባ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።

አንጓች፦ መገነዣ መሆኑንስ አልፈራህም? ልጅህን በሬሳ ልብስ ልትድር?

ባምላኩ፦ ፈራሁ እንጂ። ጠበል ቀድቼ ረጨሁበት።

አንጓች፦ በሰረቀው ላይ ጠበል የሚረጭ ሌባ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ባምላኩ፦ ይሳቁብኝ። ደስ ይበልዎት። ግን እባክዎን፣ ለስመኝ አይንገሯት። የፈለጉትን ያድርጉኝ። የፈትሉን ምንጭ ብታውቅ አትለብሰውም፤ ከኔም ጋር ዓይን ለዓይን አትተያይም።

አንጓች፦ ለእሷ ምን ብለሃት ነበር?

ባምላኩ፦ የገዛሁት ነው አልኳት። ማጉን በቀሰም ስትጠቀልል፣ «ይሄ ክር በግራ ነው የሚሾር አባዬ» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ጠቅልዪ» አልኳት።

አንጓች፦ ጎበዝ ልጅ ናት።

ባምላኩ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? በእውነት ይመልሱልኝ።

አንጓች፦ ጠይቅ።

ባምላኩ፦ ያኔ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ፣ «እትየ፣ ፈትልዎን ለልጄ ይስጡኝ» ብልዎት፣ ይሰጡኝ ነበር?

አንጓች፦ አልሰጥህም ነበር።

ባምላኩ፦ አውቅ ነበር።

አንጓች፦ አዎ፣ ታውቅ ነበር። ለዚያ ነው ያልጠየቅከኝ። እምቢ የማለት መብቴን ነው ቀድመህ የሰረቅከው፤ ፈትሉ ኋላ ነው የመጣ።

ባምላኩ፦ … ትንሽ ገለል ይበሉልኝ፣ ከዚህ ጉድጓድ ልውጣ።

አንጓች፦ የት ልትሄድ?

ባምላኩ፦ ጓዳ። ሳጥኗ ውስጥ ነው ያለው። አምጥቼ እጅዎ ላይ አስቀምጣለሁ። ጥለቱን በመቀስ ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ያጥራል ካሉ ከጎኑ እጨምርበታለሁ፤ እግርዎን ይሸፍናል። በጆንያ መቀበር ካለም ጆንያውን እኔ እለብሳለሁ።

አንጓች፦ ስመኝስ?

ባምላኩ፦ በገበያ ክር ትዳራለች። ይሄንን የመለሱልኝን ትልበሰው። «ማን ፈተለልሽ?» ሲሏት «ፋብሪካ» ትበል።

አንጓች፦ ለምን ወሰድክብኝ ስትልህስ?

ባምላኩ፦ እነግራታለሁ። አባትሽ ሌባ ነው እላታለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ትስማ።

አንጓች፦ ተቀመጥ።

ባምላኩ፦ ልሂድ እትየ፣ ወኔዬ ሳይከዳኝ።

አንጓች፦ ተቀመጥ አልኩህ። ሳጥኑ ባዶ ነው።

ባምላኩ፦ ምን ማለት?

አንጓች፦ ትናንት ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ አልነበር? ወንዝ አልወረደችም። እኔ ቤት ነው የመጣች። ለሠርጉ ቤት ስትጠርግ ከዚህ ከእግርህ ሥር፣ ከጉድጓዱ ጥግ፣ ቀዩን ሻሼን አገኘችው። ክሩን ያኔውኑ ጠርጥራው ነበር። ኩታውን አጣጥፋ፣ ሻሹን ከላዩ አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «የእርስዎ ነው» አለችኝ።

ባምላኩ፦ ስመኝ?

አንጓች፦ ስመኝ።

ባምላኩ፦ አለቀሰች?

አንጓች፦ አለቀሰች። ለኩታው አይምሰልህ። «አባቴን አይክሰሱብኝ» እያለች ነው። እኔ ደግሞ ቃል አልገባሁላትም። «እውነቱን ከአፉ ከሰማሁ እናያለን፤ አይጥ ምናምን ካለኝ ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ነኝ» አልኳት።

ባምላኩ፦ አይጥ አልኩዎት እኮ።

አንጓች፦ አልከኝ። እዚያ ላይ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ።

ባምላኩ፦ ታዲያ ኩታው…

አንጓች፦ ቁልፉን እንካ። የቤቴን አይደለም፣ የሳጥኔን ነው፤ ቤቱ ክፍት ነው። ከላይ ነው ያለው። አውጣና ለልጅህ አምጣላት።

ባምላኩ፦ ለኔ? ቁልፍ ለኔ ይሰጡኛል?

አንጓች፦ ሌላ የሚወሰድ የለበትም፤ አትድከም። እሑድ ትልበሰው። ሴቶቹ «ማን ፈተለልሽ?» ሲሏት «እትየ አንጓች፤ ኩታውም የእሳቸው ነው፤ በውሰት ነው የለበስኩት» ትላቸዋለች። ሰኞ አጥባ ትመልስልኛለች። ቀኔ ሲደርስ ደግሞ መጥታ በገዛ እጇ ታለብሰኛለች። ጥለቱን አትቁረጥ። ይሁን፣ ሠርግ ቤት እንደምሄድ ሆኜ ልሂድ።

ባምላኩ፦ «በውሰት» ትበል? በሠርጓ ቀን፣ አማቾቿ ፊት?

አንጓች፦ እኔ መቼ አልኩ። የራሷ ቃል ነው። «የሬሳ ልብስ እኮ ነው፣ አትፈሪም?» ብላት፣ «የፈራሁት የተሰረቀ መሆኑን ነው» ነው ያለችኝ።

ባምላኩ፦ ቅድም ግን… ብጠይቅዎት አልሰጥህም ነበር ብለውኛል።

አንጓች፦ አንተን አልሰጥህም ነበር። እሷ ግን ጠየቀችኝ።